ድራፍቱ ሐሙስ ማታ ነው፤ ተከላካይ መርጣችኋል?

ደሴ በነሐሴ ያው ደሴ ናት። ጦሳ ከጠዋት እስከ ማታ ጉም ለብሶ ይውላል፣ ፒያሳ ላይ ጃንጥላ የያዘና ጋቢ የደረበ ሰው ይጋፋል፣ ሰው ሁሉ ትኩስ ነገር ፍለጋ ይሯሯጣል። ኮምቦልቻ ያሉት ጓደኞቻችን ግን በዚሁ ሰዓት በሸሚዝ ናቸው። የሚያራርቀን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፣ ታች ስትደርሱ ጃኬቱን ማውለቅ ነው።

ሐሙስ ነሐሴ 8 ማታ ግን እነሱ ጃኬት ይዘው ወደ እኛ ይወጣሉ። ድራፍት አለብን። በማግስቱ ዓርብ ነሐሴ 9 ሊቨርፑልና ቦርንማውዝ የ2025/26ን ፕሪምየር ሊግ ይከፍታሉ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ዴድላይን ከምሽቱ 2፡30 ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ያለን ሐሙስ ማታ ብቻ ነው።

ፋንታሲ የማይጫወት ልጅ ዛሬ ብርቅ ነው። 100 ሚሊዮን ይሰጣችኋል፣ 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ፣ ካፒቴን ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ቅዳሜና እሁድ ስልካችሁ ላይ አፍጥጣችሁ ትውላላችሁ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድራፍት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ዋጋ የለም፣ ካፒቴን የለም፣ ዋይልድካርድ የለም። አንድ ተጫዋች በአንድ ሊግ ውስጥ የአንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ሳላህን ከወሰድኩ እናንተ ሳላህ የላችሁም፤ በቃ። ተራ በተራ ይመረጣል፣ ሰልፉም ይገለበጣል፤ በአንደኛው ዙር መጀመሪያ የመረጠ በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ይመርጣል። 15 ዙር፣ 10 ሰው፣ 150 ተጫዋች።

በዚህ ጨዋታ ሰው በጣም የሚሳሳተው የት ነው ብትሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ ተከላካይ ላይ። ወይ በሁለተኛው ዙር ተቻኩሎ ይወስዳል፣ ወይ እስከ መጨረሻ ይረሳውና የተረፈውን ይለቅማል። ዛሬ ስለዚህ እናውራ።

በነገራችን ላይ የማወራው ሁሉ የእኔ ግኝት አይደለም። ያስተማረን አንድ ጓደኛችን ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ ትረዱታላችሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ሳቅ

ሊጋችንን የጀመርነው በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ዘንድሮ ስምንተኛችን። ያኔ ሁላችንም አጥቂ ለመሻማት ስንራኮት ያ ልጅ ተረጋግቶ አንዲ ሮበርትሰንን ወሰደ። ሳቅንበት። «አያ፣ ተከላካይ እኮ ነው የመረጥከው!» አልነው። እሱ ራሱ ሜዳ ላይ ተከላካይ ነበር፤ አይናደድም። «አብሽሩ፣ ዓመቱ ሲያልቅ እናወራለን» አለ።

ዓመቱ አለቀ። ሮበርትሰን በ2018/19 በፋንታሲ 213 ነጥብ ሰበሰበ፤ ለተከላካይ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። ከእኛ ውስጥ በአንደኛና በሁለተኛ ዙር የመረጥነው አጥቂ ከሮበርትሰን ያነሰብን ነበርን። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ሁለተኛው ማስረጃ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። 2014 ዓ.ም.ን ደሴና ኮምቦልቻ የነበረ ሰው አይረሳውም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ሲይዛቸው ከእኛ ግማሹ በእግሩም በመኪናም ወጣ፣ ግማሹ እዚያው ቀረ። ስልክ የለም፣ ኔትወርክ የለም፤ ማን የት እንዳለ አይታወቅም። ስለ ፋንታሲ ማን ሊያስብ!

በኋላ ስንገናኝ፣ መጀመሪያ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ጠየቅን። ሁላችንም በሕይወት ነበርን፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ቀናት አልፈው አንዱ ዝም ብሎ ሊጉን ከፈተው። ለሳምንታት ማናችንም ያልነካነው ሊግ ራሱን ችሎ ሲጫወት ከርሟል። የብዙዎቻችን ቡድን ጉዳተኛና ተቀያሪ ተሸክሞ ወድቋል። የእሱ ግን ወደ ላይ ወጥቷል። ለምን? ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድና ጆዋ ካንሴሎ ነበሩታ። ኅዳር 11 ሊቨርፑል አርሰናልን 4 ለ 0፣ በማግስቱ ሲቲ ኤቨርተንን 3 ለ 0፣ በሳምንቱ ደግሞ ሊቨርፑል ሳውዝሃምፕተንን 4 ለ 0። እኛ በየፊናችን ተበትነን፣ እነሱ ክሊን ሺት ይሰበስቡለት ነበር። ዓመቱን ትሬንት በ208፣ ካንሴሎ በ201 ጨረሱ።

ያኔ ያለው ነገር አሁንም ትዝ ይለኛል፤ «ጥሩ ተከላካይ ማለት ሳታየውም የሚሠራልህ ነው።»

ያ ዘመን አልፏል፣ ወይስ ተመልሷል?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ምክንያቱም የ2014 ትዝታ ይዞ የ2018 ድራፍት መግባት አደጋ አለው።

በየዓመቱ ብዙ ነጥብ ያመጣውን አንድ ተከላካይ ተመልከቱ። 2021/22፦ ትሬንት፣ 208። 2022/23፦ ኪራን ትሪፒየር፣ 198። 2023/24፦ ቤን ዋይት፣ 182። 2024/25፦ ዮሽኮ ግቫርዲዮል፣ 153። መስመሩ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው። ባለፈው ዓመት ሳላህ ብቻውን 344 ነጥብ ሲያመጣ፣ ከተከላካይ አንደኛው ግማሹን እንኳን አልደረሰም። ትሬንት ደግሞ ጭራሽ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄዷል።

የፋንታሲ ሰዎችም ይህን ሳያዩት አልቀሩም፤ ዘንድሮ አዲስ ሕግ መጥቷል። አንድ ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ኳስ ያራቀው፣ ተደርቦ ያወጣው፣ ያቋረጠውና የነጠቀው ተደምሮ 10 ከሞላ 2 ነጥብ ያገኛል። 20 ቢሞላም ያው 2 ነው፤ አይደገምም። አማካይና አጥቂ ደግሞ 12 መሙላት አለባቸው፤ ለእነሱ የለቀሙት ኳስም አብሮ ይቆጠራል።

ቀላል ይመስላል አይደል? ሒሳቡን ሥሩት። ቡድኑ 2 ለ 0 የተሸነፈ የመሐል ተከላካይ እስከ አምና የሚያገኘው 1 ነጥብ ነበር፦ 60 ደቂቃ ስላለፈ 2፣ ሁለት ጎል ስለተቆጠረበት ሲቀነስ 1። ዘንድሮ ያንኑ ጨዋታ 10 ከሞላ 3 ያገኛል። ክሊን ሺት ይዞ 10 ከሞላ ደግሞ 2 እና 4 እና 2፣ ጠቅላላ 8። ከ38 ጨዋታ በግማሹ ብቻ ቢሳካለት 38 ነጥብ ነው፤ ይህ ከዘጠኝ ክሊን ሺት ይበልጣል። ስለዚህ አዲሱ ሕግ ደካማ ቡድን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያርቅ የሚውለውን ሰው ከፍ አድርጎታል። ለድራፍት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አራቱ ጥያቄዎች

ጓደኛችን ተከላካይ ከመምረጡ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ ነበር። አራተኛውን እኔ ነኝ በአዲሱ ሕግ ያስተካከልኩት።

አንደኛ፦ ይጫወታል ወይ? ይህ የሁሉም እናት ነው። ክሊን ሺት የሚቆጠረው 60 ደቂቃ ለተጫወተ ብቻ ነው። በ55ኛው ደቂቃ የሚቀየር ጎበዝ ተመላላሽ ለእናንተ ምንም አይደለም። ቫን ዳይክ ባለፈው ዓመት ከ38 የሊግ ጨዋታ 37ቱን ተጫውቷል፤ እንዲህ ያለ ሰው ወርቅ ነው። በተቃራኒው የፉልሃሙን አንቶኒ ሮቢንሰን እዩት። አምና ለጎል የሆኑ 10 ኳሶችን አቀብሏል፣ ስሙም ከሁሉም አፍ አይጠፋም። ግን በክረምቱ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አድርጓል። የቼልሲው ሌቪ ኮልዊል ደግሞ በዚሁ ሳምንታት የጉልበት ጅማቱ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ወጥቷል። ስም አይታችሁ አትጫኑ፣ መጀመሪያ ዜናውን እዩ።

ሁለተኛ፦ ቡድኑ ጎል ይቆጠርበታል ወይ? አርሰናል በ2023/24 የተቆጠረበት 29፣ ባለፈው ዓመት 34 ነው፤ በሁለቱም ዓመት ከሊጉ ሁሉ ያነሰ። ይህ አጋጣሚ ሳይሆን ልማድ ሆኗል። ትልቅ ክለብ ብቻ ግን አትፈልጉ። ባለፈው ዓመት የወርቅ ጓንቱን የአርሰናሉ ራያ ለብቻው አልወሰደውም፤ ከኖቲንግሃም ፎረስቱ ማትስ ሴልስ ጋር እኩል 13 ክሊን ሺት ይዘው ተካፍለውታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በርንሌይ። አምና በታችኛው ሊግ 46 ጨዋታ ተጫውቶ የተቆጠረበት 16 ብቻ ነው፤ 30 ክሊን ሺት! ይህን ቁጥር ያየ ሁሉ ሐሙስ ማታ እጁ ይንቀጠቀጣል። ግን ያ ሌላ ሊግ ነው፣ በረኛው ትራፎርድም ወደ ሲቲ ሄዷል። ቦርንማውዝም እንደዚያው፤ ሃይሰን ማድሪድ፣ ኬርኬዝ ሊቨርፑል ገብተዋል። ያለፈው ዓመት ቁጥር የሚጠቅመው ቁጥሩን ያመጡት ሰዎች አሁንም እዚያ ካሉ ነው።

ሦስተኛ፦ ወደ ፊት ሲሄድ ምን ያመጣል? ተከላካይ ጎል ሲያገባ 6 ነጥብ ነው፤ ከአጥቂ በ2 ይበልጣል። ግቫርዲዮል፣ ኩኩሬላና የፎረስቱ ሚሌንኮቪች አምና አምስት አምስት የሊግ ጎል አግብተዋል። አይት ኑሪ ዎልቭስ ሳለ 4 አግብቶ ለ7 ጎል ኳስ አቀብሏል፤ አሁን ሲቲ ነው። ገብርኤል ደግሞ የማዕዘን ምት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አርሰናል ያልሆነውም ያውቀዋል፤ አምና መስከረም ውስጥ በአንድ ሳምንት ቶተንሃም ላይም ሲቲ ላይም አግብቷል። ስለዚህ ጠይቁ፦ የቆመ ኳስ ሲመታ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ማን ነው? ኳሱን የሚመታውስ?

በተለይ ሜዳ ላይ የሚጫወትበት ቦታና ፋንታሲ ላይ የተመዘገበበት ቦታ የሚለያይ ሰው ካገኛችሁ አትለፉት። በ2019/20 የሼፊልድ ዩናይትዱ ጆን ለንድስትራም ተከላካይ ተብሎ ተመዝግቦ አማካይ ይጫወት ነበር፤ ያን ዓመት ፋንታሲ የተጫወተ ሁሉ ስሙን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ዘንድሮ ፍሪምፖንግ ሊቨርፑል ውስጥ የት እንደሚሰለፍ በዓይናችሁ ተከታተሉት።

አራተኛ፦ ቡድኑ ሲጨነቅ ሥራ አለው ወይ? ይህ የአዲሱ ሕግ ጥያቄ ነው። የመሐል ተከላካይ ከመስመር ተከላካይ ይሻላል፤ ምክንያቱም የሚሻገር ኳስ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የኤቨርተኑ ታርኮውስኪ፣ የፎረስቶቹ ሙሪሎና ሚሌንኮቪች፣ የፓላሱ ላክሯ ዓይነት ሰዎች ማለቴ ነው። ኳስ ይዘው የሚውሉት የትልልቅ ክለቦች ተከላካዮች ግን ብዙ ጊዜ የሚያርቁት ኳስ እንኳን አይመጣላቸውም።

አራቱንም አዎ የሚያስብል ሰው በጣም ጥቂት ነው። ገብርኤል ይቀርባል፣ ቫን ዳይክ ይቀርባል። ሌላው ሁሉ ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ይጎድለዋል።

ስንተኛው ዙር ላይ?

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጥሩ ተከላካይ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መቼ እንደሚወሰድ ማወቅ ሌላ ነው።

ወረቀት አውጡና እንደኛ 10 ሰው ያለበትን ሊግ አስሉ። እያንዳንዱ ሰው 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ ይይዛል። ስለዚህ ሊጉ በጠቅላላ 20 በረኛ፣ 50 ተከላካይ፣ 50 አማካይ፣ 30 አጥቂ ይፈልጋል። ፕሪምየር ሊጉ ደግሞ 20 ክለብ ነው። አብዛኛው ክለብ በአንድ አጥቂ ስለሚጫወት፣ ቋሚ የሚሰለፍ አጥቂ ከ20 ብዙም አይበልጥም። 30 ይፈለጋል፣ ያለው 20 ገደማ! በረኛ ደግሞ ልክ በልክ ነው፤ 20 ይፈለጋል፣ 20 ቋሚ አለ። ተከላካይ ግን በየክለቡ አራት አራት ቢሰለፍ 80 ነው፤ የሚፈለገው 50። ሁሌም ይተርፋል።

ስለዚህ በድራፍት ቶሎ የሚያልቀው አጥቂ ነው። በሦስተኛው ዙር ተከላካይ ወስዳችሁ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ከተቀያሪ ወንበር የሚነሳ አጥቂ ሊሆን ይችላል። እና አዲሱ ሕግ ያመጣውን ነገር እዚህ ላይ ጨምሩበት፦ መካከለኞቹ ተከላካዮች ከበፊቱ ይበልጥ ተቀራርበዋል። በ20ኛውና በ45ኛው መካከል ያለው ልዩነት ከጠበበ ለምን ትቸኩላላችሁ?

ከእኛ አንዱ አሁን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለው፤ ሐሙስ በቪዲዮ ይገባል። እዚያ ሰዎች በራሳቸው የአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ ይጫወታሉ፣ ድራፍቱም ከእነሱ ባህል የመጣ ነው። «ታይት ኤንድ» የሚሉት ቦታ አለ፤ ግማሽ ሥራው እንደ ተከላካይ ተጋፍቶ መንገድ መክፈት፣ ግማሹ እንደ አጥቂ ሮጦ ኳስ መቀበል ነው። በዚያ ቦታ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው፣ የቀረው ሁሉ ይመሳሰላል። የካንሳስ ሲቲው ትራቪስ ኬልሲ ከ2016 እስከ 2022 ለሰባት የውድድር ዘመን በተከታታይ ከ1,000 ያርድ በላይ ሲያመጣ፣ እሱን የያዘ ሰው ከሌላው ጋር እኩል አይጫወትም ነበር። ግን ሁለተኛና ሦስተኛውን ለማግኘት ተሻምቶ ቶሎ የሚወስደው ይከስር ነበር። ምክሩ ምን መሰላችሁ? ወይ ያንን አንዱን ውሰድ፣ ወይ ታግሰህ መጨረሻ ላይ ምረጥ፤ መሐል ላይ አትንጠልጠል።

ለእኛም ይሠራል። የእኔ የዘንድሮ ዕቅድ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ሁለት አጥቂና ሁለት ጎል የሚያገባ አማካይ። በአምስተኛው ወይም ስድስተኛው ዙር ገብርኤል ወይም ቫን ዳይክ ካለ እወስዳለሁ፤ ሁለቱም ከሄዱ አልደነግጥም፣ ወደ አማካይ እመለሳለሁ። ከዚያ እስከ 11ኛው ዙር ድረስ አማካይ፣ ሦስተኛ አጥቂና አንድ ቋሚ በረኛ። ከ12 እስከ 15 ያለው ዙር የኳስ አራቂዎቹ ነው። ያኔ ሌላው ሰው ደክሞት በስም ሲመርጥ እኔ ታርኮውስኪን እወስዳለሁ፤ ካልቀደሙኝ።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ። የአፍሪካ ዋንጫ ከታኅሣሥ 12 እስከ ጥር 10 ሞሮኮ ላይ ነው፤ ፍጻሜው የከተራ ዕለት ይውላል። አይት ኑሪ አልጄሪያ፣ የፎረስቱ ኦላ አይና ናይጄሪያ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ታኅሣሥ ላይ ተከላካይ አጣን ብላችሁ እንዳታለቅሱ።

ሌላው፣ ዝርዝራችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ተራችሁ ሲደርስ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ካለቀ ሲስተሙ ራሱ ይመርጥላችኋል። አምና ከዘጠነኛው ዙር በኋላ ኔትወርክ ጠፋብኝ፤ ስመለስ አራት ተጫዋች ተመርጦልኝ አገኘሁ፣ ከአራቱ ሁለቱ ጉዳተኛ። መጨረሻ ወጣሁ። በእኛ ደንብ መጨረሻ የወጣ የሚቀጥለውን ድራፍት ያስተናግዳል። ለዚህ ነው ሐሙስ ሁሉም እኔ ቤት የሚመጣው። ፍልሰታ ስለሆነ ግማሾቻችን ጾመኛ ነን፤ ሙስሊሞቹም «እኛም ሽሮውን እንበላለን፣ አትጨነቅ» ብለውኛል።

አሥረኛው ሰው

እስካሁን አሥር ነን ስል ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዘጠኝ ነበርን። የጎደለው ያ ሮበርትሰንን የመረጠው ልጅ ነው።

ቤቲንግ ወሰደው። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ የ20 ብር፣ የ50 ብር ቲኬት። ኳስ የሚያውቅ ልጅ ስለሆነ አንዳንዴ ይበላ ነበር፤ ክፉው ነገርም እሱ ነው። ከዚያ ሰባትና ስምንት ጨዋታ አንድ ላይ መቁረጥ መጣ። «አንድ ጨዋታ በላኝ» የሚለው ቃል ከአፉ አይጠፋም ነበር። ደመወዙን፣ ከዚያ ብድር፣ ከዚያ የእህቱን የዕቁብ ብር። ስልክ ማንሳት አቆመ። ድራፍቱንም ተወው፤ «ብር የሌለበት ጨዋታ አያዝናናኝም» አለ። ያ ሳያዩት ስለሚሠራ ተከላካይ ያስተማረን ሰው፣ 90 ደቂቃ መታገስ አቅቶት የመጀመሪያ ኮርነር ማን ይመታል ላይ ብር ያስይዝ ጀመር።

ቤቲንግ ቤቶች ደሴም ኮምቦልቻም እንዴት እንደተስፋፉ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ አሁን ደግሞ ቤት መሄድም አያስፈልግም፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ ላይ ነው። ላስተምራችሁ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ሁለቱም ጨዋታ ኳስ ማወቅ ይጠይቃል ይባላል። አንዱ ግን እውቀታችሁን ይዞ 38 ሳምንት ይጓዛል፤ ብትሳሳቱ የምትከፍሉት ሽሮ ነው። ሌላው ያንኑ እውቀት በአንድ ማታ ብር አድርጎ ይበላዋል።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ከብዙ ወራት በኋላ ድምፁን ስሰማ ምን እንደምል ጠፋኝ። ሥራ መጀመሩን፣ ዕዳውን በትንሽ በትንሹ እየከፈለ መሆኑን ነገረኝ። ስለ ቤቲንጉ እኔም አልጠየቅኩም፣ እሱም ብዙ አላለም፤ መተግበሪያውን ካጠፋው አራት ወር እንደሞላው ብቻ ነገረኝ። ትንሽ ዝም አለና፦

«ድራፍቱ መቼ ነው?» አለኝ።

«ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት። እኔ ቤት።»

«ብር አለው እንዴ?»

«የለውም። መቼም ኖሮት አያውቅም።»

«ጥሩ» አለ። «አዲሱን የተከላካይ ሕግ አይተኸዋል?»

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ስለ ኳስ ማራቅ አወራን። ታርኮውስኪንም ጠቀሰው፤ ስለዚህ ዕቅዴ ከወዲሁ አደጋ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ልጆች መቀመጫ ይዘውለታል፤ ሐረጎን አብረው ይወጣሉ። ጃኬት እንዲይዝ ነግሬዋለሁ።

እናንተም ጓደኞቻችሁን ሰብስቡና ሊግ ክፈቱ፤ ገና ሁለት ቀን አለ። አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፣ አጥቂያችሁን ቶሎ፣ ተከላካያችሁን በትዕግሥት ምረጡ። ሊጋችሁ ውስጥ አምና የቀረ ሰው ካለም ደውሉለት።